ቅማል ያልሆነችው የንብ ቅማል

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስሟ ስለሚያሳስት ፍጥረት ነው። የንብ ቅማል ይሏታል፤ እሷ ግን ዝንብ ናት። ክንፍ የላትም። ሌሎች ዝንቦች ከክንፋቸው ኋላ ያሏቸው ሚዛን መጠበቂያ ጉጦችም የሏትም። ርዝመቷ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የእግሮቿ ጫፍ ግን እንደ ማበጠሪያ ጥርሱ የተደረደረ ጥፍር ነው፤ በዚያ የንቧን ፀጉር ጨብጣ ትጋልባለች። የእኔ ልብ እዚህ ላይ ይቀራል፤ መብረሩን ንቧ ስለምትበርላት ክንፍ ምን ያደርግላታል?

በ1818 እ.ኤ.አ. ብራውላ ሴካ ተባለች፤ ሴካ ማለት ዕውር ነው። ያም ልክ አይደለም፤ የደከመ ትንሽ ዓይን አላት። ብራውሊዴ የሚባለው ቤተሰቧ ብራውላና ሜጋብራውላ የተባሉ ሁለት ወገኖች ብቻ ነበሩት። የቅርብ ጊዜ የዘረመል ጥናት ደግሞ ድሮሶፊላ ከሚባሉት የፍራፍሬ ዝንቦች ዘመዶች መካከል አስገብቷታል።

ደም አትመጥም። ወደ ንቧ አፍ ወርዳ ከንፈሯን ትነካካና ምግብ ሲወጣ ትቀምሳለች። ንግሥቲቱ ዘወትር ስለምትመገብ ብዙዎቹ እሷ ላይ ይሰፍራሉ፤ ሠራተኛ ንብ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብትገኝ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው የማሩ ሰም ክዳን ላይ ነው። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ከክዳኑ ሥር እየቦረቦረ ያድጋል፤ ሲያድግም መተላለፊያው እየሰፋ ይሄዳል፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ ይመስላል። የንቦቹን ልጆች አይነካም።

ትልቁ ስህተት ቫሮዋ ከምትባለው ጎጂ የንብ ጥገኛ ጋር ማምታታት ነው፤ ሁለቱም ቀይ ቡናማ ናቸው። 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር እግሯን ቁጠሩ። ብራውላ 6፣ ቫሮዋ 8። ቫሮዋ ደግሞ ከርዝመቷ ይልቅ ስፋቷ ይበልጣል፣ እንደ ሸርጣን ጠፍጣፋ ናት። ቫሮዋን ለመቁጠር 300 ያህል ንብ በዱቄት ስኳር ስታራግፉ ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ፤ ሳትለዩ ከደመራችሁ የማያስፈልግ መድኃኒት ትጨምራላችሁ።

ክዳኑ ተነሥቶ ለሚጣራ ማር አታሳስብም፣ እንቁላሉም እጩም ከክዳኑ ጋር ይሄዳል። ከነእንጀራው የሚሸጥ ማር ግን መልኩ ይበላሻል። በደንብ ጠቅልሉና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ 48 ሰዓት አቆዩት። ሲወጣ ሳትፈቱት ይሙቅ፤ አለበለዚያ እርጥበት ሰሙ ላይ ያርፋል።

ለቫሮዋ የሚደረገው መድኃኒት እሷንም ስለሚገድል በብዙ ቦታ ልትጠፋ ደርሳለች። ያገኛችኋት ካላችሁ አትጨፍልቋት፤ በ70 በመቶ አልኮል አኑሯት፣ ቀኑንና ቦታውንም ጻፉበት።