ኤቲሜጋ 328ፒ፦ የሮቶ ውሃ ፓምፕ የምትቆጣጠር ቺፕ

[ምስል፦ ባለ 28 ፒን ቺፕ በሁለት ጣት ተይዛ]

ይህች ኤቲሜጋ 328ፒ ናት። አርዱዪኖ ኡኖ የተባለውን የኤሌክትሮኒክስ መለማመጃ ቦርድ የነካ ሰው ያውቃታል፤ ቦርዱን የምታዘው እሷ ናት። ዛሬ ግን ብቻዋን እናሠራታለን። ሥራዋ ከምድር ታንከር ወደ ጣሪያው ሮቶ ውሃ የሚገፋውን ፓምፕ ማብራትና ማጥፋት ነው።

ባለ 8 ቢት ፕሮሰሰር፣ 32 ኪሎባይት ፍላሽ፣ 2 ኪሎባይት ራም፣ መብራት ሲሄድም የማይጠፋ 1 ኪሎባይት ኢኢፕሮም አላት። ስልክ ለለመደ ሰው ኢምንት ነው፤ ሁለት ፍሎተር (የውሃ ከፍታን ተከትሎ የሚከፈትና የሚዘጋ ተንሳፋፊ ማብሪያ) አንብቦ አንድ ፓምፕ ለማዘዝ ግን ይተርፋል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስለሌላት መብራት እንደመጣ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሥራ ትጀምራለች። መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ቤት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

[ምስል፦ ብሬድቦርድ ከቅርብ]

ፒን 7 እና 20ን ከ5 ቮልት፣ 8 እና 22ን ከግራውንድ አገናኙ። «አናሎግ አልጠቀምም» ብላችሁ ፒን 20ን ባዶ አትተዉ፤ አንዳንዶቹ ፒኖች ኃይል የሚያገኙት ከእሱ ነው። በ7 እና በ8 መካከል 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር፣ እግሩ አጥሮ፣ ቺፗን ተጠግቶ ይግባ። ፒን 1 በ10 ኪሎኦም ወደ 5 ቮልት ይሳብ። ክሪስታል አያስፈልግም፤ የ8 ሜጋኸርዝ ሰዓት ውስጧ አለ። ከፋብሪካ ስትወጣ ግን ሰዓቱን ለ8 አካፍላ በ1 ሜጋኸርዝ ትሠራለች። የ1 ሰከንድ ቆይታ 8 ሰከንድ ከሆነባችሁ ኮዱን አትጠርጥሩ፣ ፊውዙን (የቺፗን ውስጣዊ ሴቲንግ) አስተካክሉ።

አሁን ብዙ ቺፕ ወደሚበላሽበት ቦታ እንምጣ። የተለመደችው ባለ 5 ቮልት ሪሌይ (በትንሽ ኃይል ትልቁን የምታበራና የምታጠፋ ማብሪያ) 70 ሚሊአምፔር ገደማ ትስባለች። አንድ ፒን ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻ ወሰን 40 ነው፤ ለዘወትር ከ20 አትለፉ። ስለዚህ መሃል ላይ 2ኤን2222 ትራንዚስተር ይግባ፤ ቤዙ (የማዘዣ እግሩ) ከፒኑ በ1 ኪሎኦም፣ ከግራውንድ ደግሞ በ10 ኪሎኦም ይገናኝ። ሁለተኛው ሬዚስተር፣ ቺፗ ገና ስትነሳ ፒኑ ባለቤት በሌለው ቅጽበት፣ ፓምፑ በራሱ እንዳይነሳ ይጠብቃል። በሪሌዩ ኮይል ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ አድርጉ፣ የብር መስመሩ ወደ 5 ቮልት። ከተገለበጠ ትራንዚስተሩ ይቃጠላል።

የግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። «10 አምፔር» የተጻፈበት የሪሌይ ኮንታክት ከተደጋጋሚ መነሳት በኋላ ይበየዳል፤ ያኔ ቺፗ «ቁም» ብትልም ፓምፑ አይሰማም። ሪሌዩ ኮንታክተር (ለትልቅ ከረንት የተሠራ ማብሪያ) ይዘዝ፣ ፓምፑን ኮንታክተሩ። በኮንታክተሩ ኮይል ላይ 100 ኦም ሬዚስተርና «ኤክስ2» የተጻፈበት 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ አድርጉ፤ አለበለዚያ ኮይሉ ሲለቅ የሚወጣው ግፊት ቺፗን ሪሴት ያደርጋታል።

[ምስል፦ ፍሎተርና ሽቦው]

ታች ታንከር ውስጥ ውሃ ሲኖር፣ ላይ ደግሞ ሮቶው ሳይሞላ ሲቀር፣ የፍሎተሮቹ ኮንታክት የሚገናኝ ይሁን። ሌላኛው ጫፍ ግራውንድ ላይ፣ የቺፗ ወገን በ4.7 ኪሎኦም 5 ቮልት ላይ። አይጥ ሽቦውን ብትቆርጠው ቺፗ «ውሃ የለም» ወይም «ሮቶው ሞልቷል» ብላ ታቆማለች። በተቃራኒው ካሰራችሁት ግን የተቆረጠ ሽቦ ፓምፑን ደረቅ ያስኬደዋል፤ የፓምፑ «ሲል» (ውሃ እንዳያፈስ የሚከላከለው ክፍል) ይቃጠላል። ውሃው ስለሚወዛወዝ ንባቡ ለ3 ሰከንድ ሳይለወጥ ካልቆየ አትቀበሉት።

በኮዱ ውስጥ ዋችዶጉን (በጊዜው ካልታደሰ ቺፗን ሪሴት የሚያደርጋትን ቆጣሪ) በ2 ሰከንድ ክፈቱት። የምታድሱት በዋናው ሉፕ፣ አንድ ቦታ ብቻ ይሁን። በየጊዜው ዋናውን ሥራ አቋርጦ በሚሠራው ታይመር ኢንተራፕት ውስጥ ካስገባችሁት ዋናው ሥራ ቢቆምም ኢንተራፕቱ እያደሰ ያታልለዋል። ብራውን አውት የተባለውን የቮልቴጅ ጠባቂ በ2.7 ቮልት አብሩ፤ በ16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ከሄዳችሁ በ4.3። ያለ እሱ መብራት ሲወርድ ቺፗ የተሳሳተ ትእዛዝ ፈጽማ ኢኢፕሮሙን ልታበላሽ ትችላለች። ኢኢፕሮሙ በአንድ ቦታ 100,000 ጊዜ ለመጻፍ የተሠራ ነው፤ በየሰከንዱ ከጻፋችሁ 28 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ፓምፑ ሲቆም ብቻ ጻፉ።

ፓምፑን ከማገናኘታችሁ በፊት ብሬከር አጥፍታችሁ በኮንታክተሩ ኮይል ቦታ የ220 ቮልት አምፖል እሰሩ። መብራት መልሱ። ኮዱ 60 ሰከንድ እንዲጠብቅ ተደርጎ ከተጻፈ አምፖሉ ቀድሞ መብራት የለበትም፤ ብልጭ ካለ የቤዙን 10 ኪሎኦም ፈትሹ። ከዚያ አንዱን የፍሎተር ሽቦ ንቀሉ፤ ከ3 ሰከንድ በኋላ ካልጠፋ ፓምፑን አታገናኙ።