ተማሪው የማን ነው? በዶክትሬት ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን የኢንስቲትዩቱ የሥራ ኃላፊዎች፣ ከአጋር ዩኒቨርሲቲዎች የመጣችሁ አማካሪዎችና የድኅረ ምረቃ አስተባባሪዎች፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፤ በሥራ አስፈጻሚው ስም እንኳን ደኅና መጣችሁ። ዝርዝር ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ አላነበውም። አራት አባሎቻችን ተመርቀዋል፤ የጽሑፍ ዝግጅት ሥልጠና ሁለት ጊዜ ተሰጥቷል፤ መዋጮ ግን እንደ አምናው ግማሹ አባል አልከፈለም።

ዓመቱን ሙሉ ዕረፍት የነሣን ጥያቄ አንድ ነው፤ ተማሪው የማን ነው? ዩኒቨርሲቲው ይመዘግበዋል፣ ዲግሪውንም ሴኔቱ ያጸድቅለታል፤ ቤተ ሙከራው፣ ናሙናውና የዕለት ተዕለት ክትትሉ ግን የኢንስቲትዩቱ ነው። አሠራሩ አዲስ አይደለም። በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና አለርት ግቢ ውስጥ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር በዚሁ መንገድ ተመራማሪዎችን አፍርቷል። እኔም ያደግሁት በዚሁ አሠራር ስለሆነ አልኮንነውም። የሚቆጨኝ ሥራው ሲሰምር የተማሪው ስም በሁለቱም ተቋማት ሪፖርት ውስጥ መግባቱ፣ ነገር ሲበላሽ ግን ባለቤት ማጣቱ ነው።

በስቅለት ማታ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ተነሣና ናፍጣው አልቆ ቆመ። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዘው ፍሪዘር ደወሉን ሲያሰማ የሰማው የጥበቃ ሠራተኛችን ብቻ ነበር፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን የተረኛ ስልክ ደጋግሞ ቢሞክርም ዝግ ነበር። በፋሲካ ማግሥት ስንደርስ መሳቢያዎቹ ውሃ ቋጥረዋል፣ በብልቃጦቹ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ፈስሷል። አንዲት እኅታችን ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ በበረዶ ሣጥን እያመላለሰች ለሁለት ዓመት ያሰባሰበችው የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሴረም (ከደም የሚለይ ፈሳሽ) ከዚያ ውስጥ ነበር።

ለሁለቱም ወገን ደብዳቤ ጻፍን። ከአንዱ «ናሙናው የጠፋው በኢንስቲትዩቱ ግቢ ነው» የሚል፣ ከሌላው ደግሞ «የጊዜ ማራዘሚያ የዩኒቨርሲቲው ሥልጣን ነው» የሚል መልስ መጣ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ለእሷ ግን አንዱም አልጠቀማትም። የመግባቢያ ሰነዱን አገላብጬ አነበብሁት፤ በሚታተም ጽሑፍ ላይ የማን ተቋም ስም እንደሚቀድም ሁለት ገጽ ሙሉ ሲያትት፣ ስለ ጠፋ ናሙና አንድ መስመር እንኳ የለውም። «እንደገና ሰብስቢ» ማለት በአፍ ቀላል ነው። የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃዱ መታደስ አለበት፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት ወደ 57 ብር የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ስለሆነ፣ ቀድሞ በብር የተፈቀደላት በጀት የሚያስፈልጋትን ሪኤጀንት፣ ማለትም የቤተ ሙከራ ኬሚካል፣ ግማሹንም አይገዛም።

የራሳችንን ጥፋት ግን አልሸፍንም። የተረኞቹን ዝርዝር ያወጣነው እኛ ነን፤ ሁለተኛ ስልክ አለማስጻፍም የእኔ ስንፍና ነው። ስልኩ ዝግ የነበረው ወንድማችን ዛሬም አዳራሹ ውስጥ የለም። ስሙን አልጠራም። በማግሥቱ በቴሌግራም ቡድናችን ኢንስቲትዩቱን ከሁሉ ቀድሞ የወቀሰው ግን እሱ ነበር። ለበዓል አገር ቤት መሄድ ፈልጎ ቀያይሩኝ ቢል ማናችን እምቢ እንለው ነበር? ይህን የምትሰሙ ጓደኞቹ ንገሩት፤ የተቀየምሁት ስለ ስልኩ ሳይሆን እስከ ዛሬ እኅታችንን አይዞሽ ስላላላት ነው።

ከሰዓት በኋላ ለውይይት የምናቀርበው የሰነድ ማሻሻያ በአጭሩ ይህን ይላል፦ ናሙና ሲጠፋ ሁለቱ ተቋማት በ30 ቀን ውስጥ ተገናኝተው፣ ማራዘሚያውን ዩኒቨርሲቲው፣ መተኪያ ወጪውን ኢንስቲትዩቱ እንዲወስኑ። ፊርማችሁን እንፈልጋለን። አዲሱ የተረኞች ዝርዝር ደግሞ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሌሊት ሁለት ሰው፣ ሁለት ስልክ። የገናን ሌሊት እኔ ወስጃለሁ፤ አብሮኝ የሚያድር አንድ ሰው ይቀረኛል። ጉባኤው ተከፍቷል።