አታባርሩት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ቤንዚን ላውራችሁ።

ካናዳ ውስጥ፣ በኦንታሪዮ ሰሜን ምዕራብ ጫካ፣ ፒካንጂከም የምትባል የኦጂብዌ ሕዝብ መንደር አለች። ለብዙ ዓመት የሚገባው በአብዛኛው በአውሮፕላን ነበር። መኪና መንደሯ ድረስ የሚዘልቀው ሐይቁ በብርድ ሲጠጥር ነበር። ጀልባውም የበረዶ ሞተሩም ያለ ቤንዚን አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ቤንዚን በየደጁ አለ፣ ክልከላ ብቻውን የትም አያደርስም። ልጆች ትነቱን ይስባሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 ድረስ ብቻ ከ10 እስከ 19 ዓመት የሆኑ 16 ልጆች ራሳቸውን አጥፍተዋል። የክፍለ ግዛቱ የሞት መርማሪ ቢሮ በ2011 ያወጣው ጥናት ቤንዚን መሳቡንም አንስቶታል። ችግሩ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። አብዛኛው ቤት የቧንቧ ውሃ አልነበረውም። ትምህርት ቤታቸው በ2007 ተቃጠለ፣ አዲሱ የተከፈተው በ2016 ነው። አስቡት፣ ያኔ 7 ዓመቱ የነበረ ልጅ 16 ሞላው ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ!

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። የቤንዚን ትነት ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል በሰከንዶች ውስጥ ይደርሳል። ልብንም ያስደነብራል። በዚያ ሰዓት ልጁ ከደነገጠ ወይም ከሮጠ፣ የልብ ምቱ ተዛብቶ እዚያው ሊሞት ይችላል፣ የመጀመሪያ ቀኑም ቢሆን። ማስቲሽም እንደዚያው ነው።

ይሄን ሳነብ አዲስ አበባ ያየሁት ልጅ ትዝ አለኝ። የሹራቡን እጅጌ አፉ ላይ ጎትቶታል፣ ውስጡ የማስቲሽ ጠርሙስ አለ። ዳቦ ሰጠሁት። ኪሱ ከተተውና መልሶ ሳበ። «ብርዱን ያስረሳኛል» አለኝ። ወዲያው የአንድ ሱቅ ዘበኛ ዱላ ይዞ ጮኸበት፣ ልጁም በባዶ እግሩ አስፋልቱን አቋርጦ በረረ። እኔ ዝም ብዬ አየሁ። እንደዚያ ማስሮጥ ሊገድለው እንደሚችል አላውቅም ነበር፣ ዘበኛውም የሚያውቅ አይመስለኝም።

አሁን እንዲህ ያለ ልጅ ሳይ ዘበኛውን ቀድሜ እሄዳለሁ። አልጮህም፣ ጠርሙሱንም አልነጥቅም። ትንሽ ራቅ ብዬ እቀመጥና ስሙን እጠይቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ስሙን ነግሮኝ፣ የእኔንም ጠየቀኝ።