ቤቱን ማን ይዞ ያቆያል?

ሰላም እንደምን ቆያችሁ። ስለ ውርስ ሲነሳ ሁላችንም የምንጨነቀው «ለማን ልተው?» ብለን ነው። ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጠው ጥያቄ ልጆቹ እስኪደርሱ ንብረቱን ማን ይዞ ያቆያል የሚለው ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ሱቅ ያለው ሰው፣ ሦስት ትንንሽ ልጆች አሉት እንበል። «ወንድሜ አለ፣ አደራ ብየዋለሁ» ይላል። ወንድምየው ምንም ቢታመን፣ በቃል ብቻ የተሰጠ አደራ ፍርድ ቤት ፊት አይቆምም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 516 ጀምሮ ለዚህ መንገድ አበጅቷል። ንብረቱ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ባለአደራው በተሰጠው መመሪያ ያስተዳድረዋል። ባለአደራው ዕዳ ቢኖርበት አበዳሪዎቹ ሱቁን አይነኩትም። ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

የሚበላሸው ግን ወረቀቱ ላይ ነው። አደራው በኑዛዜም በስጦታም ሊቋቋም ይችላል፤ በሕይወት እያሉ ቤት የሚሰጥ ከሆነ ሰነዱ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜን ፎርም መከተል አለበት። አራት ምስክሮች፣ ወይም አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበቡ፣ ቀኑም ጭምር፣ እዚያው ሰነዱ ላይ መጻፍ አለበት። ተነብቦ ሳለ «ተነበበ» የሚል ቃል ስለጎደለ ብቻ ኑዛዜ ይወድቃል። እኛ አገር ደግሞ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ ሐረሪው፣ አማርኛው ተቀላቅሎ ነው የሚኖረው፤ ሰነዱ የተጻፈበትን ቋንቋ የማይሰማ ጎረቤት ምስክር አታድርጉ። ከንብረቱ የሚጠቀመውንም እንዲሁ።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው ከተናዘዙ ሰነዱ ዋጋ የለውም፤ ለየብቻ ይጻፉ። ሱቁ የጋራ ከሆነም እያንዳንዳቸው የሚያዙት በድርሻቸው ላይ ብቻ ነው።

መመሪያውን አታሳጥሩ። እንዲህ ያለ ነገር ይጻፍ፦ «ኪራዩ በመጀመሪያ ለጥገናና ለግብር፣ ቀጥሎ ለልጆቹ ትምህርት ይዋል። የተረፈው በስማቸው ባንክ ይቀመጥ። የመጨረሻው ልጅ 21 ዓመት ሲሞላው ሱቁ ለሦስቱም እኩል ይተላለፍ። ባለአደራው በየዓመቱ ሰኔ ላይ ለእናታቸው ሂሳብ ያሳይ። እሱ ቢሞት ወይም ቢተው እከሌ ይተካው።» በተለይ ተተኪው እንዳይረሳ፤ ካልተጻፈ ፍርድ ቤት የመረጠውን ይሾማል።

ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ ወቅፍ፣ ማለትም ንብረትን ለበጎ ሥራ ለዘለቄታው መስጠት፣ አለ፤ ለመስጊድ ወይም ለድሆች የተወቀፈ ቤት አይሸጥም፣ አይወረስም። በሸሪዓ በኑዛዜ የሚሰጠው ግን ከሲሶ አይበልጥም። ድሬዳዋ ያለው የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወቅፍም ውርስም ያያል፤ ባለጉዳዮቹ ለመዳኘት ከፈቀዱ ነው።

በራሳችሁ እጅ ብቻ የጻፋችሁትን ኑዛዜ ሳጥን ውስጥ አታስቀሩት። ሙሉው በእጃችሁ ተጽፎ፣ ገጽ ሁሉ ቀንና ፊርማ ቢኖረው እንኳ፣ በ7 ዓመት ውስጥ ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይሽራል።