ደፋሩ አሥር ቁጥር አሰልጣኝ ሲሆን

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ስኮትላንዳዊው የራግቢ ሰው ስለ ግሬጎር ታውንዘንድ ነው። በተጫዋችነቱ ዘመን በድፍረቱ የታወቀ ሰው አሰልጣኝ ከሆነ በኋላ ያንኑ ድፍረት በሌላ ወጣት ላይ ሲያየው ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ሲያብሰለስለኝ ቆይቷል፤ ጥያቄውን ደግሞ የእሱን ሕይወት ያህል ግልጽ አድርጎ ያሳየኝ አላገኘሁም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1973 የተወለደው ታውንዘንድ ያደገው ከእንግሊዝ ድንበር ብዙም በማይርቀው የስኮትላንድ ደቡባዊ ክፍል፣ በሱፍ ፋብሪካዎቿ በታወቀችው በጋላሺልስ ከተማ ነው። በተቀረው ስኮትላንድ እግር ኳስ ቢነግሥም በእነዚህ የድንበር ከተሞች የሕዝቡ ጨዋታ ራግቢ ነው። በየቡድኑ ሰባት ሰው የሚሰለፍበት የራግቢ ዓይነት እንኳ በ1883 የተጀመረው እዚያው አጠገብ፣ በሜልሮዝ ነው። የታውንዘንድ ቦታ አሥር ቁጥር ነበር። ራግቢ ለማታዘወትሩ ለመግለጽ ያህል፣ አሥር ቁጥር ማለት ኳሷ ከግፊያው ስትወጣ ተቀብሎ፣ ይምታት ወይስ ያቀብላት ወይስ ይዟት ይሩጥ የሚለውን በቅጽበት የሚወስን ሰው ነው። በዚህ ቦታ የሚሰለፉ ብዙዎች የሚመሰገኑት ባለመሳሳታቸው ሲሆን፣ ታውንዘንድ ግን ሌላው የማያየውን ክፍተት አይቶ ይሞክር ነበር፤ ሙከራው ሲሰምር ስታዲየሙ ይነሣለታል፣ ሳይሰምር ደግሞ ኳሷ በተጋጣሚ እጅ ትገባለች። ስለዚህም ይመስለኛል በብሔራዊ ቡድኑ አንድ ጊዜ አሥር ቁጥር፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ውሳኔው ወደሚቀንስበት ወደ መሐል መስመር እየተገፋ ብዙ ዓመት የቆየው።

በ1995 በፓሪስ ስኮትላንድ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እየተመራች ነበር። ታውንዘንድ ተከላካዮቹ ሲረባረቡበት ኳሷን በእጁ ጀርባ ገልብጦ ለአምበሉ ለጋቪን ሄስቲንግስ አቀበለ፤ ሄስቲንግስም ያለ ከልካይ ሮጦ ከምሰሶዎቹ ሥር አሳረፋት። ውጤቱ 23 ለ 21 ሆነ፤ ስኮትላንድ ከ1969 ወዲህ በፓሪስ ሳታሸንፍ የቆየችበት ዘመንም አበቃ። ያቺ ኳስ ብትጠለፍ ኖሮ ስለ እሱ የሚነገረው ምን ይሆን ነበር?

ይህንን አደጋ አውቀው ያመኑት ሰው ግን ነበሩ። ኢያን ማክጊካን እሳቸውም ለስኮትላንድ ተጫውተው ወደ አሰልጣኝነት የገቡ ሲሆኑ፣ በኖርዝሃምፕተን ክለብ የታውንዘንድ አለቃ ነበሩ። በ1997 የብሪታንያና የአየርላንድ ምርጥ ተጫዋቾች የሚሰባሰቡበትን ላየንስን ይዘው የወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን ወደነበረችው ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ፣ አሥር ቁጥሩን ለእሱ ሰጡት፤ እሱ የተሰለፈባቸውን ሁለት ወሳኝ ጨዋታዎችም ላየንስ አሸንፎ አሸናፊነቱን አረጋገጠ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1999 በአምስቱ ሀገራት ውድድር፣ ማለትም ዛሬ ስድስቱ ሀገራት በሚባለው፣ ታውንዘንድ በአራቱም ጨዋታዎች ትራይ፣ ማለትም ኳሷን ከተጋጣሚ የግብ መስመር ማዶ መሬት ላይ በማሳረፍ የሚገኘውን ነጥብ፣ አስቆጥሮ ስኮትላንድ ዋንጫውን ወሰደች። ታውንዘንድ በዚያ ዓመት አሥር ቁጥር የሆነው፣ ቦታውን ይዞ የነበረው ዳንከን ሆጅ በመጀመሪያው ጨዋታ እግሩ በመሰበሩ መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በ2003 ከብሔራዊ ቡድኑ ሲሰናበት 82 ጨዋታዎች አድርጎ ነበር።

ወደ አሰልጣኝነቱ ልሂድ። በ2012 ግላስጎው ዋሪየርስን ተረከበ፤ በ2015 ቤልፋስት ላይ ቡድኑ የአየርላንዱን መንስተር 31 ለ 13 አሸንፎ በፕሮፌሽናል ዘመን ትልቅ ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው የስኮትላንድ ቡድን ሆነ። የቡድኑ አሥር ቁጥር ፊን ራስል የሚባል፣ ከራግቢው በፊት በድንጋይ ጠራቢነት ይሠራ የነበረ ወጣት ነበር። ራስል ኳስ ሲይዝ የድሮውን ታውንዘንድ የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነኝ።

በ2017 ታውንዘንድ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሆነ። ከሁሉ በላይ ልቤን የያዘው በመጋቢት 2019 በለንደኑ ትዊክነም ስታዲየም የሆነው ነው። ስኮትላንድ በእንግሊዝ 31 ለ 0 ተመርታ፣ ለዕረፍት የወጣችው 31 ለ 7 ሆና ነበር። ራስል ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ በመልበሻ ክፍሉ ከአሰልጣኙ ጋር ተከራከረ፤ ኳሷን ብንመታ ይዘዋት ይመለሱብናል፣ ብንሮጥ ደግሞ ከመስመራችን ኋላ ይጥሉናል አለው። ከዕረፍት መልስ ቡድኑ የሚያጣው ነገር እንደሌለው ሆኖ ተጫወተ፤ ራስልም የኦዌን ፋረልን ኳስ ጠልፎ ትራይ አስቆጠረ፤ ስኮትላንድ 38 ለ 31 መራች። እንግሊዝ በመጨረሻዋ ቅጽበት አቻ አድርጋ 38 ለ 38 ተለያዩ። እኔን የሚያስደንቀኝ ውጤቱ ብቻ አይደለም። በ1995 በፓሪስ ያንን ኳስ የሰጠው ሰው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ጥንቃቄ የሚመክረው ወገን መሆኑ ነው።

ይህን ስል ልፈርድበት አይደለም። ተጫዋች የአንድ ኳስ ኃላፊነት አለበት፤ አሰልጣኝ ግን የሠላሳና የአርባ ሰው ሥራ በአንድ ሙከራ ሲፈርስ ቆሞ ማየት አለበት። በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ስኮትላንድ በጃፓን 28 ለ 21 ተሸንፋ ከምድቧ ስትወድቅ፣ ቡድኑን ይበልጥ በመከላከል ላይ ለመመሥረት መወሰኑ የሚገባኝ ለዚህ ነው። በጥር 2020 ራስል ከቡድኑ ሆቴል የመጠጥ ደንብ ጋር በተያያዘ ተጋጭቶ ካምፑን ጥሎ ሄደ፤ ከዚያም ስምንት ዓመት አብሮት የሠራውን ሰው በእርግጥ እንደማያውቀው በአደባባይ ተናገረ። ከባድ ቃል ነው። ታውንዘንድ ግን በሩን አልዘጋበትም፤ በመከር ወቅት መለሰው፤ በ2021 ስኮትላንድ ከ1983 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትዊክነም ላይ 11 ለ 6 ስታሸንፍም አሥር ቁጥሩ ራስል ነበር።

በ2022 ግን እንደገና ከቡድኑ ውጪ አደረገው። የተመረጠው አዳም ሄስቲንግስ፣ የዚያ የጋቪን ልጅ፣ ሲጎዳ ራስል ተጠራ። እዚህ ላይ ታውንዘንድ እልህ ውስጥ የገባ ይመስለኛል፤ ሀገሪቱ የነበራትን ምርጥ ተጫዋች በሥነ ሥርዓት ስም መተው የራስን ወጣትነት እንደመቅጣት ነው።

በ2024 ራስልን ከሮሪ ዳርጅ ጋር አምበል አድርጎ ሾመው፤ በዚያ ዓመትም ስኮትላንድ እንግሊዝን በተከታታይ ለአራተኛ ጊዜ አሸነፈች። የሚነቅፉት ሰዎች ደግሞ በ2023ም ከዓለም ዋንጫ ምድቡ አለማለፉን፣ በስድስቱ ሀገራት ውድድርም እስከ 2025 ድረስ ዋንጫ አለማንሣቱን ያነሣሉ፤ ነቀፋቸውም መሠረት አለው። ፌዴሬሽኑ ግን በ2025 ውሉን እስከ 2027ቱ የአውስትራሊያ ዓለም ዋንጫ አራዘመለት። እኔ ብጠየቅ እኔም አራዝምለት ነበር፤ አሥር ቁጥሩን ግን ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሜ እጠይቀው ነበር።