ቀዳዳው ጠበበ እንጂ ሥራው አልጠበበም

የተከበራችሁ የጎንደርና የአካባቢው የጤና ባለሙያዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

«ቀዶ ጥገናው በካሜራ ከሆነማ ቀላል ነው» የሚል ታካሚ ያልገጠመው ከመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። ከደባርቅም ከጭልጋም ታካሚ የምትልኩት እናንተ ናችሁና ወሬውን አብረን እናስተካክለው። ካሜራውና መሣሪያዎቹ እንዲገቡ ሆድ ላይ የሚከፈቱት ቀዳዳዎች ከ5 እስከ 12 ሚሊሜትር ናቸው፤ ውስጥ የሚቆረጠው ግን ሆድ ተከፍቶ ከሚቆረጠው አያንስም። ለትልቁ አንጀት ካንሰር ከእጢው ወዲያና ወዲህ 5 ሴንቲሜትር ያህል ጤነኛ አንጀት፣ ቢያንስም 12 ሊምፍ ኖድ (ካንሰር ሊዛመትባቸው የሚችል ትንንሽ እጢዎች) አብሮ ይወጣል። ይህ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ አያልፍም። ከ4 እስከ 6 ሴንቲሜትር የሆነች መውጫ ትከፈታለች፤ የካንሰሩ ሴል ቁስሉ ላይ እንዳይዘራ ጠርዟ በፕላስቲክ ይሸፈናል።

በካሜራ ስንሠራ የሚጎድለን ጣት ነው። ሆድ ከፍቶ የሚሠራ ሐኪም አንጀቱን ዳብሶ እጢውን ያገኘዋል፤ ትንሽ እጢ ግን በካሜራ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ የትልቁን አንጀት ምርመራ፣ የሚሠራው ባለሙያ ከእጢው አጠገብ ጥቁር ቀለም ይወጋል። መጀመሪያ ከአንጀቱ የውስጥ ሽፋን ሥር ጥቂት የጨው ውሃ ሰጥቶ ያሳብጠዋል፣ ቀለሙን እዚያው እብጠት ውስጥ ያስገባል። መርፌው ግድግዳውን ካለፈ ቀለሙ ሆድ ውስጥ ይረጫል፣ ምልክትነቱም ይጠፋል። ሪፈር ወረቀት ላይ «ከፊንጢጣ 40 ሴንቲሜትር» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ አንጀት በመሣሪያው ላይ እንደ እጅጌ ይሰበሰባል፣ ይለጠጣል።

ጉበትን በካሜራ ስንቆርጥ ደግሞ የምንፈራው መድማትን ነው። ወደ ጉበት የሚገባውን ደም 15 ደቂቃ ያህል አስረን 5 ደቂቃ እንለቃለን። በሄፓቲክ ቬይን፣ ደምን ከጉበት ወደ ልብ በሚመልሰው ሥር፣ በኩል የሚፈሰውን ግን ይህ ማሰሪያ አያቆመውም። ለዚህ ነው የማደንዘዣ ባለሙያው ፈሳሽ ቆጥቦ በትልልቆቹ ደም መላሾች ያለውን ግፊት ከ5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በታች ለማድረግ የሚጥረው። ሆድ የተነፋበት ካርቦን ዳይኦክሳይድም፣ በ12 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ግፊት፣ መድማቱን ተጭኖ ያግዛል። ያው ጋዝ ግን በተቆረጠ ቬይን ገብቶ ልብ ሊደርስ ይችላል። ደሙ አልቆም ካለ ሆድ መክፈት ሽንፈት አይደለም፤ ለታካሚውም ቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

አንጀቱ የተቆረጠለት ሰው ቶሎ ቤቱ ይገባል። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው፤ የተሰፋው አንጀት የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነው፣ ያኔ ታካሚው እናንተ ዘንድ ነው። የላዩ ቁስል ንጹሕ መሆኑ አያዘናጋችሁ። የልብ ምቱ ከፈጠነ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ትኩሳት ከያዘው፣ አንቲባዮቲክ ጀምራችሁ እስከ ነገ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን መልሱት።

አመሰግናለሁ።