ተርብ የምትመስለው የግንድ ዝንብ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም ብቻዬን ነኝ፣ እና ሰሞኑን ሀሳቤን ሁሉ ስለያዘችው ዝንብ ነው የማወራችሁ። እዚህ ጀርመን ግንቦት ሰኔ ላይ ጫካ ገብታችሁ የወደቀ ግንድ አጠገብ ብትቆሙ ቀጠን ያለች፣ ጥቁር፣ ሆዷ ረዘም ያለ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትሆን ነገር ልታዩ ትችላላችሁ፣ ሰው ተርብ መስላው ነው የሚሸሻት። ክንፏን ግን ቁጠሩት፣ ሁለት ብቻ ነው፣ ተርብ አራት አለው። ስለዚህ ዝንብ ናት፣ ሳይንሳዊ ስሟ ዛይሎፋገስ አተር፣ ቤተሰቧ ዛይሎፋጊዴ።

አሁን ነው ደስ የሚለው። አንቴናዋን በሌንስ ስታዩት እንደ ቤት ዝንብ እጥር ብሎ አንድ ፀጉር የበቀለበት አይደለም፣ 10 ክፍል ተቀጣጥሎ ነው የተሰራው። ከጥፍሮቿ ስር ደግሞ ሶስት ለስላሳ መርገጫ አለ፣ የቤት ዝንብ ሁለት ነው ያላት። ችግሩ ዛይሎሚዪዴ የሚባል ዘመድ ቤተሰብ አለ፣ እሱም እንጨት ውስጥ የሚያድግ እሱም ተርብ የሚመስል፣ በቀለም ለመለየት አትሞክሩ በቃ። የፊት እግሯን እዩ፣ ቅልጥሟ ጫፍ ላይ ትንሽ እሾህ ካለች የኛዋ ናት፣ የነዚያኞቹ የፊት እግር እሾህ የለውም። እንደ ፈረንጆቹ በ1804 ይቺን ዝንብ የሰየማት ሜይገን የሚባል ጀርመናዊ ነው፣ ዝንቦችን በክንፍ ደም ስርና በአንቴና እየለየ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው፣ እኔ በጣም ነው የማከብረው።

እጯ ግን ከእናትየው ይልቅ በቀላሉ ትለያለች። የላላ ቅርፊት ቀስ አድርጋችሁ ገለጥ ስታደርጉ ነጣ ያለች ቀጭን እጭ፣ ጭንቅላቷ ቡናማ፣ ጠንካራ፣ ልክ እንደ ወስፌ የሾለ፣ ጅራቷ ላይ ደግሞ ጠንካራ ሰሌዳና ሁለት መንጠቆ። እንጨቱን አይደለም የምትበላው፣ በዛ በሾለ ጭንቅላቷ ቅርፊት ስር እየተሽሎከሎከች የሌሎች ነፍሳትን እጭ ነው የምታድነው። ለዚህ ነው የሞተ ግንድ ቆሻሻ ነው ተብሎ ከጫካ ሲነሳ የሚያናድደኝ፣ አዳኟም ታዳኙም አብረው ነው የሚሄዱት።

ካገኛችኋት ፎቶ ስታነሱ ከላይ ብቻ አታንሷት እሺ፣ የፊት እግሯ እንዲታይ ከጎን፣ ክንፏ ደግሞ ተዘርግቶ እያለ አንሱልኝ፣ ቅርፊቱንም ወደ ቦታው መልሱት።